ማቱሳላን የበለጡት መላሾች

ሒሳብን በሩቁ አክብሬ፥ እርሱም እኔን በሩቁ ታግሦ ለብዙ ዘመን በሰላም ከኖርን በኋላ፥ ጠጉሬ መሸበት ሲጀምር የማኅበራዊ ጥናት መረጃን በቁጥር መተንተን ተማር ተባልኩ። ከቁጥር ወገን ደኅና አድርጌ የማውቀው ባሕረ ሐሳብን ብቻ ነበር፤ እርሱም አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 ስለሚሆኑ፥ የተሳሳተውን ሰው ወዲያው ያጋልጠዋል እንጂ ዝም ብሎ አያሳልፈውም።

በ1968 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ኤስፒኤስኤስ የተባለው ፕሮግራም ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ትሕትናው በአመክሮ ላይ እንዳለ መነኩሴ ነውና የታዘዘውን ሁሉ ሳያንገራግር ይፈጽማል። ለኦርቶዶክሱ 1፥ ለሙስሊሙ 2፥ ለፕሮቴስታንቱ 3 የሚል ምልክት ሰጥተን አማካዩን ብንጠይቀው፥ እስከ ዛሬ አንድም ጉባኤ ተሰብስቦ ያላወገዘውን 1.638 የሚባል ሃይማኖት እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ተጠንቅቆ ያወጣልናል። ዕድሜውን ላልተናገረ ሰው ደግሞ በብዙ መጠይቅ 999 ተብሎ ይሞላል፤ ይህ የዝምታ ምልክት መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረው ግን፥ 969 ዓመት የኖረውን ማቱሳላን በ30 ዓመት የሚበልጡ አረጋውያንን ከአንድ ቀበሌ ሰብስቦ፥ የሰፈሩን አማካይ ዕድሜ ወደ አበው ዘመን ይመልሰዋል።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ሁሉ ከታረመ በኋላ የወጣው የዕድሜ ሠንጠረዥ ነው። 30፥ 40 እና 50 ላይ ሕዝቡ ተጨናንቆ ሲገኝ፥ 41 ላይ ግን ነፍስ ያለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። መምህራችን በዊፕል ስም የሚጠራውን መለኪያ አሳዩን፦ ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ቆጥሮ በ5 ማባዛት፥ ለጠቅላላው ማካፈል፥ የተገኘውንም በ100 ማባዛት ነው። 100 ቢወጣ ሰዉ ወደ ድፍን ቁጥር አላደላም፤ 500 ቢወጣ ሁሉም ተማክሮ መጥቷል። የእኛው ሠንጠረዥ ወደ የትኛው እንዳዘነበለ መናገር ጎረቤትን ማማት ይሆንብኛል።

ነገሩ የገባኝ ከጠያቂው ወጣት ጋር ከአንዲት እናት ደጅ በቆምን ጊዜ ነው።

«እማማ፥ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ከሰፌዱ ላይ ቀና ሳይሉ፥ «ንጉሡ ሲወርዱ እንስራ ተሸክሜ ውሃ እቀዳ ነበር፤ 50 በለው» አሉት።

«ንጉሡ ከወረዱ እኮ ራሱ 50 ዓመት አልፎታል።»

ምስሩን መልቀም ተዉና ጥቂት አሰቡ። «አምና የመጣው ልጅ ስንት ብሎ ጻፈኝ?»

«እኔ አላውቅም፥ እማማ።»

«እንግዲያው ያንኑ ጻፈው፥ ልጄ፤ ለመንግሥት ሁለት ቃል አልሰጥም።»