ጌታው ተጫራች፣ እጅ ነስተናል

ጌታው፣ የኢንተርኔት ስም ወደሚሸጥበት ጨረታ ከገቡ ወዲህ ገበያው ሞቋል ሲሉን፣ እኛም ከወረኢሉ ደጋ ላይ ሆነን እጅ ነስተናል። ሌላው ተጫራች 40 ዶላር ሲል እርስዎ 400 ይላሉ። ስሙ ለማን ይጠቅማል፣ ምን ይሠራበታል ብሎ መጠየቅ የደሃ ጠባይ ነው። ሌላ ሰው ፈልጎታል፤ ለእርስዎ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጉዳዩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ፦ ዶሜን ማለት ድረ ገጽ የሚጠራበት ስም ነው። ተገዛ ይባላል እንጂ እውነቱ የዓመት ኪራይ ነው። የዶት ኮም ስም የጅምላ ዋጋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ገብቶ ነበር። ኪራዩ ሳይታደስ ሲቀር እፎይታ አለው፤ ከዚያ 30 ቀን የማስመለሻ፣ ከዚያም 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይከተላል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። ስሙን የሚያከራዩት ትልልቆቹ መዝጋቢ ድርጅቶች ግን ስሙ እስኪሰረዝ አይታገሡም፤ ባለቤቱ ሳይነቃ ለጨረታ ያወጡታል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ስም የሚያልፍበት ሰው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወረኢሉ ወይም መካነ ሰላም ተቀምጦ ለውጭ መዝጋቢ በዶላር መክፈል ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ የተወላጆች ማኅበር ድረ ገጽ ከፈተ እንበል፤ ክፍያው ቨርጂኒያ ላለው ወንድም ይተላለፋል። ወንድምም ደግ ነው፣ ይከፍላል። ከዚያ የባንክ ካርዱ ይቀየራል፤ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ከፍቶት ወደማያውቀው የድሮ ኢሜይሉ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ተለቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ማኅበሩም «ዘንድሮ ይቆየን» ይላል። ማኅበሩ ይቆያል፣ ስሙ አይቆይም።

ጌታው ብቅ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ከማኅበሩ ልጆች አንዱ ወሬውን ሰምቶ በስልኩ ጨረታውን ይከታተላል። መነሻው ጥቂት ዶላር ነው። 25 ይላል፤ የሚጨምር የለም። ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እርስዎ 150 ይላሉ። ከትልልቆቹ መዝጋቢዎች አንዱ በሆነው በጎዳዲ ጨረታ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ዋጋ ከተጨመረ ሰዓቱ ስለሚራዘም፣ ልጁ ቨርጂኒያ ይደውላል። እዚያ ሌሊት ነው። ፈራ ተባ እያለ 160 ይላል፤ ጣቱን ሳያነሳ 165 ይመጣበታል። 200 ይላል፤ 205። በዚህ መሀል መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርኩም ይከተለዋል። እርስዎ ግን ከ150 በኋላ ከማሽኑ ፊት እንኳ አልነበሩም፤ ጣሪያ ዋጋዎን ሞልተው ተኝተዋል፣ የሚጨምርልዎ ፕሮግራሙ ነው። ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ የተባለው እንደ እርስዎ ላለው ነው።

ከሁሉ የሚያስደስተን ግን የነባሮቹ ተጫራቾች ሁኔታ ነው። እነዚህ ሰዎች የትኛው ስም 60 ዶላር፣ የትኛው 600 እንደሚያወጣ ለዓመታት አጥንተዋል። እርስዎ መጥተው ጥናቱን ከንቱ አደረጉት። መጀመሪያ ይናደዳሉ፤ ቀጥሎ «ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» ብለው ይከተሉዎታል፤ በመጨረሻ ይነቁና የማይፈልጉትን ስም ሆን ብለው ያስወድዱብዎታል፣ እንደማይተዉት ያውቃሉና። እርስዎም ጨረታውን ያሸንፋሉ። ክፍያው ሲደርስ ግን አንዳንዴ የሉም። ያን ጊዜ አንዳንዱ አጫራች ለሁለተኛው ተጫራች «እንኳን ደስ አለዎት፣ ባሉት ዋጋ ይውሰዱት» ሲል ይጽፍለታል። ሁለተኛው ያን ዋጋ የጠራው እርስዎ ስለገፉት ነው። እርስዎ ሳይከፍሉ ሄዱ፣ ዋጋዎ ግን ቀረ።

እኛ ኋላ ቀሮች ነን። አንድ ባንክ የተበዳሪ ቤት በሐራጅ ሲሸጥ የመነሻውን ዋጋ 1/4ኛ በሲፒኦ አስይዞ ነው ተጫራቹን የሚያስገባው። ኪሱን ሳያሳይ አፉን የሚከፍት አይወደድም። ቢሆንም እርስዎን የሚመስሉ ጀግኖች አላጣንም፤ በ2007 ዓ.ም. መርካቶ ላይ በሊዝ ጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር መሬት ከ300 ሺህ ብር በላይ ተጠርቷል። ጎረቤቱ ያለው ባለሱቅ በማግስቱ መሬቴ ስንት ያወጣል ብሎ ሲያስብ የትኛውን ቁጥር እንዳሰበ መገመት ይቻላል።

ቀዳሚ ነኝ ብለው ግን አይኩሩ። በ2008 ዓ.ም. ቻይናውያን ገዢዎች ወደ ዶሜን ገበያ ጎርፈው፣ አናባቢም ሆነ «ቪ» የሌለባቸውን ባለአራት ፊደል የዶት ኮም ስሞች ከመደርደሪያ ጠረጉ። ምንም ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደሎች ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ቁልቁል ወረደ፣ ዘግይተው የተከተሉትም ፊደላቸውን ታቅፈው ቀሩ። ወረኢሉ በላቲን ሲጻፍ አናባቢ ስለሚበዛበት ያኔ ተርፏል።

ሌላው ቅድመ አያትዎ ሃልቫሬዝ ነው። ስናፕኔምስ በተባለው የአሜሪካ አጫራች ቤት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዚህ ስም የሚጫረት፣ ደፋር፣ የማይደክም ሰው ነበር። ተጫራቾች ስሙን ሲያዩ ላብ ያጠምቃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ ሃልቫሬዝ የቤቱ የራሱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር! 5 በመቶ በሚሆኑት ጨረታዎች ገብቶበታል። ኩባንያው ለተጎዱት ልዩነቱን ከነወለዱ እመልሳለሁ አለ። እርስዎን እንደዚያ ነዎት አላልንም፤ እኛ እንግዳ አክባሪ ነን። አጫራቹ ከዋጋው መናር ድርሻ እያለው ማን ዋጋ እንዳናረ እንዲያጣራ አደራ የተሰጠው ያው አጫራች መሆኑን ግን ልብ ብለናል።

ጨረታ የማይጠብቁም አሉ። ድሮፕካች የተባለው ድርጅት የሚሰረዙ ስሞችን ለመያዝ ከ1 ሺህ በላይ የመዝጋቢነት ፈቃድ ሰብስቦ ነበር፤ ማመልከቻው ብቻ ለእያንዳንዱ 3,500 ዶላር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስሙ በተለቀቀባት ቅጽበት ለየመዝጋቢው የሚሰጠው የሙከራ ዕድል እኩል ነው። አንድ ሰው አንድ ሺህ ጋቢ እየቀያየረ ለቀበሌ ዘይት አንድ ሺህ ጊዜ ሲሰለፍ ማለት ነው። ሰልፉ ሥርዓት አልጣሰም፤ ዘይቱ ግን ለማን እንደሚደርስ ይታወቃል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ወረኢሉ እንዲከት ሲያውጁ የከተማዋን ስም ለመጥራት ያስከፈላቸው አልነበረም። አሁን ያንኑ ስም በ300 ዶላር ገዝተው 4,000 ዶላር ቢሉበት ሕጋዊ ነጋዴ ነዎት። አንድ ምክር ብቻ፦ ወረኢሉን በላቲን አንዱ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኦ»፣ አንዱ አጣብቆ፣ ሌላው ነጥሎ ይጽፈዋል። አንዱን ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ፣ ሁሉንም ይግዙልን።

የአገራችን መለያ በሆነው ዶት ኢቲ ላይ ግን አይድከሙ። እሱ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ነው። መካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አድራሻው በዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ ስር ስለሆነ፣ እዚያ ለእርስዎ የሚሆን ሜዳ የለም። በቢሮክራሲ የሚማረር ሁሉ ለአንድ ቀን እንኳ ያመስግነው።

አሁን ቃሌ ቨርጂኒያ ላለኸው ወንድማችን ነው። ዛሬ ማታ ያን የድሮ ኢሜይልህን ክፈት። ካርድህን ቀይር፣ በራሱ እንዲታደስ አድርገው፣ የማኅበሩን ሰብሳቢ ኢሜይልም ጨምርበት። ለዶት ኮም ስም በአንዴ እስከ 10 ዓመት መክፈል ይፈቀዳል፤ ጠቅላላው ከ100 እስከ 200 ዶላር ቢሆን ነው።