ሶፋው ከቦታው የማይነሳበት ምክንያት

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሶፋው ለምን መስኮቱን ጋርዶ እንደተቀመጠ ይጠይቀኛል። የቂርቆስ ፀሐይ ዓይን ይወጋል እላለሁ፤ ሐምሌም ቢሆን ይህንኑ ነው የምለው። እውነቱ ግን ከሶፋው ሥር ነው። ከቀረው ወለል ጋር ቀለማቸው የማይገጥም ሴራሚኮች አሉ፤ ሶፋው የተሾመው እነሱን እንዲሸፍን ነው።

ሳሎኑ አራት ሜትር በአምስት፣ 20 ካሬ ነው። የ60 በ60 ሴራሚክ በካርቶን አራት ፍሬ ይይዛል፤ 1.44 ካሬ ይሸፍናል። በስልኬ አካፈልኩና 14 ካርቶን በቂ ሆኖ አገኘሁት፤ እንዲያውም ለአመል ይተርፋል። ሴራሚክ ሠሪው በዕድሜ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ቢያንስ 16 ይግዙ። የሚቆረጥ አለ፣ የሚሰበር አለ» አለኝ። የተረፈውን ሊሸጥ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ጥርጣሬዬን በሆዴ ብይዘው ደግ ነበር፤ «ሒሳብ እኮ አውቃለሁ» አልኩት። ይህን ብዬ ሳበቃ ደግሞ በሰያፍ ይነጠፍልኝ አልኩ፤ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው እንዲያ ተነጥፎ አይቼ ቀንቼ ነበር። በሰያፍ ሲነጠፍ ግድግዳ የሚነካው ሁሉ ይቆረጣል፤ ቁርጥራጩ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ቦታ አይሆንም። ልጁ እኔን አየ፣ ካርቶኖቹን አየ፣ ሥራውን ጀመረ።

መስኮቱ ሥር ሲደርስ አለቀ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደገዛሁበት ሱቅ ተመልሼ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ልክ ገዛሁ። ሲነጠፍ የፊተኛው ክሬም፣ የኋለኛው ወደ ግራጫ ያደላ ሆነ። ለካ ሴራሚክ ምድጃ በገባ ቁጥር ቀለሙ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ የምርት ዙሩና የቀለም መደቡ በካርቶኑ ጎን የሚጻፈው ለዚህ ነው። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት እስከ መጨረሻው የማነብ ሰው ካርቶኑን አላነበብኩም። ልጁ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። «ጋሼ፣ ሶፋው የት ነው የሚቀመጠው?» ብቻ አለ። የሳሎኔ አቀማመጥ በዚያች ጥያቄ ተወሰነ።

ነገሩን የሚያብሰው ጎረቤቴ ነው። ካዛንቺስ ጫፍ ላይ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 እንደገና ሲከፈት፣ አዳሾቹ ከ60 ዓመት በላይ የቆዩትን ጥቃቅን ሴራሚኮች ቀለም አጥንተው አምሳያቸውን አሠርተው ለጥፈዋል። የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ባለቀለም መስታወትም አድሰዋል። እነሱ ከአባቶቻቸው ዘመን ጋር አመሳሰሉ፤ እኔ ከራሴ የቅርብ ግዢ ጋር ማመሳሰል አቃተኝ። በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም።

ጠባዬ ይኸው ነው፤ የሚያውቀውን እጠረጥራለሁ፣ ስልኬ ላይ ያየሁትን ፎቶ አምናለሁ። ስልኬ ደግሞ አሜሪካን ኪችን አሳየኝ። ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ባለ 10 ብሎኬት ግድግዳ ነው፤ ሸክም የለበትም፣ ይፍረስ አልኩ። ሸክም እንደሌለበት አልተሳሳትኩም። ለመኝታ ቤቶቹ መብራት የሚወስደው ገመድ በውስጡ እንደሚያልፍ ግን ያወቅነው በመዶሻው ነው። እማዬ ሥራውን ልታይ መጥታ ፍርስራሹ መሐል ቆመችና «ልጄ፣ ቁሌቱስ?» አለች። መተንፈሻ ይገጠማል አልኳት። የተገጠመው ነገር ድምፅ ያወጣል፤ ሽታ ሲያወጣ ግን አላየሁትም። ዛሬ የዶሮ ወጥ በተሠራ ማግስት ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ በዓሉ እንዴት ነበር ብለው አይጠይቁኝም፤ ከኮቴ ይረዱታል።

ጥበቡ እኮ እዚሁ ሰፈር ነበር። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው፣ ለካዛንቺስም ስሙን ያወረሱት ቤቶች ከቆሙ ወዲህ እዚያ ብዙ የቤት ዓይነት ተሠርቷል። ባለግቢው ወጥ ቤቱን ከኋላ ሰርቪስ ውስጥ ያደርገው ነበር፤ ደሃው ከቤቱ ውጭ በቆርቆሮ ይከልለው ነበር። ባለቪላውና የቀበሌ ተከራዩ የተስማሙበትን ብቸኛ ነገር እኔ ከፍዬ አስፈረስኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል ያገሬ ሰው።

ለራሴ ጠበቃ ልቁም ብል አንድ መከራከሪያ አለኝ። ያደግሁት ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ ጭቃ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሶ የቀበሌ የሆነ። በኋላ በኋላ የወር ኪራዩ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም ነበር፤ ለማደስ ግን ፈቃድ ይጠየቅበት ነበር። ስለዚህ እድሳት ማለት ክረምቱ ሲወጣ ጭድ የገባበት ጭቃ አቡክቶ የተሰነጠቀውን መምረግ፣ ኖራ መቀባት፣ ሊሾው የተቦረቦረበት ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ መዘርጋት ነው። «የትኛው ዓይነት ይሁን?» የሚባል ጥያቄ እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። እንዲያ ያደገ ሰው ፀጉሩ ሸብቶ ምርጫ ሲሰጠው ሁሉንም መረጠ።

ሁሉንም ስል አላጋነንኩም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ ባለ ሦስት እርከን ጂፕሰም ኮርኒስ አሠራሁ፤ በየእርከኑ ቀለም የሚቀያይር መብራት አስገጠምኩ። ማታ ሲበራ ከፈረሱት የካዛንቺስ መጠጥ ቤቶች አንዱ ሳሎኔ ውስጥ ምትክ ቦታ ያገኘ ይመስላል። ነጭ የነበረው ጂፕሰም በከሰልና በዕጣን ጢስ ረከቦቱ ከሚቀመጥበት በላይ የሻይ ቀለም ይዟል። ሴራሚኩ ደግሞ እንደ ሱቁ መብራት እንዲያበራ ብዬ አንጸባራቂውን ነው የመረጥኩት። እንቁጣጣሽ ላይ ቄጤማ ጎዘጎዝን፤ አክስቴ አበባየሆሽ የሚሉትን ልጆች ልትቀበል ስትነሳ ከሶፋው እስከ በሩ በአንድ እርምጃ ደረሰች። እግዜር ይስጠው፣ በሩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ስትመጣ ነጠላ ጫማዋን አታወልቅም፤ እኛም አውልቂ አንላትም።

የአግሮስቶኑን ታሪክ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት የሚሠራ ቀላል ሰሌዳ ነው፤ ክፍል ለመክፈል የተገባ ነገር። እኔ የብርጭቆ ቁም ሳጥን አንጠለጠልኩበት። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሚስማር አለ የሚል እምነት ነበረኝ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ምጣዱ ነው። ስኬቹን በእጄ ስስል ለወይን ብርጭቆ መስቀያ ቦታ መድቤያለሁ፤ በቤታችን ወይን የሚጠጣ የለም። ለምጣድ፣ ለቡሃቃ፣ ለጄሪካን የመደብኩት ቦታ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ለብቻው ወፈር ያለ ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ኤሌክትሪሺያኑ «ምጣዱ የት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «እንጀራ እንገዛለን» አልኩት፤ ሚስቴን ሳላማክር። ሚስቴ ምጣዱን በረንዳ ላይ አድርጋ ገመዱን በሳሎን አሳልፋ ስትጋግር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ዲቫይደሩ ቀለጠ፤ በሁለተኛው እኔን ከወጥ ቤት ጉዳይ አገደችኝ። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

እማዬ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ከነጎረቤቶቿ ተነስታ ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ገባች። ወለሉን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ሱቅ ውስጥ ሴራሚኩን መሬት አስቀምጣ፣ ውኃ ጠብ አድርጋበት፣ በባዶ እግሯ ቆማ። ሻካራውን ወሰደች። ባለሙያው ያላትን ያህል ካርቶን ገዛች፣ ከዚያም አንድ ጨመረች። የወጥ ቤቱን ግድግዳ አልነካችም፤ እንዲያውም በሩ በደንብ ይዘጋል ወይ ብላ ደጋግማ ሞከረችው። ለእኔ የተረፈኝ አንድ ሥራ ነበር፤ ለበረንዳው ሮቶ ገዝቶ ማስጫን። «ትንሿ ትበቃኛለች» አለችኝ። ውኃ በተራ ለሚመጣበት አገር ትንሽ ሮቶ ምን ያደርጋል ብዬ ባለ ሺህ ሊትሩን ገዛሁ። ሲሞላ አንድ ቶን እንደሚሆን ያወቅሁት ከተሸካሚዎቹ ነው፤ በረንዳው ይቻለዋል ወይ ብለው ሲከራከሩ። ክርክሩም አላስፈለገም፤ ሮቶው በሯ ላይ ሲደርስ ወገቡ ቀረ።

እማዬ ከውስጥ በኩል፣ በሮቶውና በመቃኑ መሐል በቀረችው ቀዳዳ አየችኝ። «ሜትር አልያዝክም እንዴ?»

«በዓይኔ ለክቼው ነበር» አልኳት።