የውሃ ውስጥ ነፋስ ስልክ

ፍርሃት ከድፍረት ይልቅ ፈጥኖ እንደሚዛመት የሰው ልጅ ከራሱ ታሪክ በቂ ማስረጃ ያለው ቢሆንም፣ ጉዳዩን ከሶፋው ሳይነሳ ለመመርመር የሚሻ ሰው አኳሪየም፣ ማለትም ለዕይታ የሚያዙ ዓሣዎች የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከማኖር የተሻለ መንገድ አያገኝም። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ በተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ለዚህ ገንዳ የሚተርፈው ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥኑና በውጭው በር መካከል ያለው ጥግ ስለሆነ፣ ትንሿ ዓሣ ስለ አዲሱ አገሯ በመጀመሪያ የምትረዳው በሩ በኃይል እንደሚዘጋና አርሴናል ጎል ባገባ ቁጥር ቤቱ እንደሚናወጥ ነው።

ለዚህ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚታጨው ኒዮን ቴትራ የሚባለው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በሳይንስ መዝገብ ስሙ የሰፈረለት ይህ የአማዞን ተወላጅ ርዝመቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ሲሆን፣ በጎኑ ላይ የሚያበራው ሰማያዊ መስመርና ከሥሩ ያለው ቀይ ቀለም ገዢውን ሱቅ ውስጥ ያማልሉታል፤ ቤት ሲደርስ ግን ውሃውን እየሳበ ከሚያጸዳው ማጣሪያ ጀርባ ይሸጎጥና ቀለሙን ያደበዝዛል። ባለቤቱም ለሰማያዊና ለቀይ ከፍሎ ጠጠር ሲያይ ይሰነብታል። ቤቱን የሚጎበኝ እንግዳ እንደ ደንቡ ሁለት ጥያቄ ያነሳል፤ አንደኛው «ዓሣው የታለ?» የሚል፣ ሁለተኛው «ይበላል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥያቄ ለመጀመሪያው በቂ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ድንጋጤውን እንደ ጠባይ ጉድለት መቁጠር ስህተት ነው። ዓሣ በግራና በቀኝ ጎኑ «የጎን መስመር» የሚባል፣ የውሃን ጥቃቅን ንቅናቄ የሚያዳምጥ የስሜት አካል ስላለው፣ መስታወቱን በጣት ማንኳኳት በእሱ ዘንድ ሰላምታ ሳይሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ወደቀ ድንጋይ ነው። ከዚህም በላይ ኦስትሪያዊው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳስረዱት፣ ከካርፕ ወገን የሆነ አንድ ትንሽ ዓሣ ቆዳው ሲቆስል ወደ ውሃው የሚለቀቀው ንጥረ ነገር በዙሪያው ያሉትን መሰሎቹን ወዲያው ያስበረግጋቸዋል፤ ይህ የማንቂያ ንጥረ ነገር በቴትራዎችም ዘንድ ያለ ሲሆን፣ የጣና ቢልጫም የሚመደበው ከዚሁ ከካርፕ ወገን ስለሆነ ጉዳዩን የባዕድ ዓሣ ቅብጠት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ የሚሄድን መልእክት የሚያመለክት እንደ መሆኑ፣ ዓሣዎች ከሰው ልጅ እጅግ ቀድመው የዘረጉት የራሳቸው ነፋስ ስልክ አላቸው ማለት ነው፤ ካርድ አይሞላበትም፣ ኔትወርክም አይጠፋበትም።

ባለቤቱ መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት ፍርሃትን ከሕመም መለየት ይጠበቅበታል። በሐምሌና በነሐሴ መብራት ሄዶ ማሞቂያው ሲጠፋ፣ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚስማማው ዓሣ ጥግ ይዞ ፈዞ ቢቆም ዓይን አፋርነት ሳይሆን ብርድ ነው፤ ለዓሣው ጋቢ መደረብ ስለማይቻል መብራት እስኪመጣ ለገንዳው ይደረብለታል። በአንጻሩ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በዚህም ምክንያት አየር የሚነፋው ሞተር ሲቆም ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ፣ «እሰይ፣ ደፈሩ!» ብሎ የሚያጨበጭብ ባለቤት እያጨበጨበ ያለው ለመታፈን ነው። በፈረቃ የመጣን የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እስኪወጣለት ክፍት ባልዲ ውስጥ ሳያሳድሩ በቀጥታ መጨመር፣ ዓሣውን ከፍርሃት የሚያድነው ከሕይወት ጋር አንድ ላይ በማሰናበት ነው።

ሕመም አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ የድፍረት ትምህርት በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ በመንጋ ለሚኖር ዓሣ ሁለት መሆን ብቸኝነት ስለሆነ፣ ቢያንስ ስድስት፣ ቢቻል አሥር ሲሆኑ አደጋን የሚጠብቀው ዓይን ይበዛና የእያንዳንዱ ሥጋት ይቀላል። ሁለተኛው መደበቂያ ነው። ዓሣው በደንብ እንዲታይ ብሎ ድንጋዩንና ቅጠሉን የሚያነሳ ሰው፣ እንግዳው ዘና ብሎ እንዲጫወት ወንበሩን የሚነሳ ባለቤትን ይመስላል፤ ገንዳው ጀርባው ጠቆር ባለ ወረቀት ሲሸፈንና ተንሳፋፊ ተክል ብርሃኑን ሲያለዝበው ግን፣ ዓሣው የሚሸሽበትን ስለሚያውቅ ሳይሸሽ ይውላል። ሦስተኛው ጎረቤት ነው፤ በጋራ ገንዳ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ዓሣዎች አብረው በሚኖሩበት ገንዳ ውስጥ፣ «አደፋፋሪ» ሊባል የሚገባው ዓሣ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመረጠው ዜብራ ዳኒዮ ቀዝቀዝ ያለ ውሃን የሚታገሥ፣ ጉዳይ እንዳለበት ሰው ከላይ ከላይ ሲመላለስ የሚውል ፍጡር ሲሆን፣ ዓይን አፋሮቹ የእሱን ግድ የለሽነት አይተው አካባቢው ሰላም መሆኑን ይረዳሉ፤ በሰርግ ቤት ማንም ሳይነሳ ቀድሞ እስክስታ የሚወርድ ሰው ጥቅሙ ይኸው ነው። ኤንጅልፊሽ የሚባለው ክንፈ ረጅም ዓሣ ግን ሲያድግ ኒዮንን ስለሚውጥ፣ ምንም ያህል ደፋር ቢሆን ለዚህ ሹመት አይበቃም።

ከሁሉም የሚከብደው የባለቤቱ የራሱ ትምህርት ነው። እንግዳ ፊት ቆሞ «በሞቴ ብላ» እያለ የሚያጎርስ ሰው፣ ፍቅር ሳይታይ እንደሚሠራ ለመቀበል ይቸገራል፤ ይሁንና የዓሣ «በሞቴ» በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጥቂት ምግብ በትኖ ዘወር ማለት ነው። ምግብ ማብዛትም ጉርሻው ውሃ ውስጥ በስብሶ ስለሚቀር ደግነት አይባልም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የሚታየው ቡና በተፈላበት ከሰዓት በኋላ፣ ዕጣኑ ከአየር መንፊያው ርቆ እየጨሰ፣ እንግዶቹ ስለ ቤት ኪራይ ጨዋታ ይዘው ገንዳውን በረሱ ጊዜ ነው። በአቦሉ አንድ ጭራ ከቅጠሉ ጫፍ ብቅ ይላል፤ በቶናው ሦስት አራት ራሶች ይከተላሉ፤ በበረካው መላው መንጋ ሰማያዊና ቀዩን ለብሶ በገንዳው መካከል ያልፋል። በዚህ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ ጣቱን ቀስሮ «ወጡ! ወጡ!» ሲል፣ መልእክቱ ያለ ሽቦ ይደርስና የሚቀረው ጠጠሩ፣ ቅጠሉ፣ እንዲሁም ነገሩ ጨርሶ ያልገባው አንድ ዳኒዮ ይሆናል።