የአዋሽን ውሃ ሳይለኩ መለካት

አዋሽ ለተሳሳተ ለኪ አስቸጋሪ ወንዝ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የጎደለውን ሁሉ «ባሕር ገባ» ብሎ መገላገል አይቻልም። ስለዚህ ስህተቱን ከላይ ጀምሮ በጥንቃቄ መሥራት ያስፈልጋል።

የከፍታ መለኪያውን ዘንግ ድልድይ ሥር ይትከሉት፤ ለመኪናዎ ይቀርባል። ምሰሶው ውሃውን ቢያቁረውም ምንም አይደል፣ ወንዙ ሞላ ያለ ይመስላል። ጠዋትና ማታ እየወረደ የሚያነብ ታዛቢ ይቅጠሩና ክፍያውን ያዘግዩበት። እሑድ ማታ ሳምንቱን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ይሞላልዎታል፦ 1.42፣ 1.42፣ 1.42። በነሐሴ አዋሽን እንዲህ ያረጋ ሰው ሊሸለም ይገባዋል። ትልቁ ጎርፍ እንደሆነ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ያልፋል፤ መዝገቡ ውስጥ አይገባም።

ከፍታን ወደ ፍሰት የሚቀይረውን ቀመር አንዴ ካወጡ አይንኩት። ጎርፍ በየክረምቱ የወንዙን ወለል ሲቆፍርና ሲደለድል ይኖራል፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። የቆቃ ግድብ ስንት ውሃ እንደሚይዝ ሲጠየቁም ግድቡ ሥራ የጀመረበትን የ1960 እ.ኤ.አ. ሰነድ ይምዘዙ። ከዚያ ወዲህ የተኛበት ደለል በውሃ ስም ይቆጠርልዎታል። ፀሐይ ከግድቡ ሐይቅ የምትወስደውን ይተዉት፤ ደረሰኝ የላትም።

ወደ አጠቃቀሙ ሲመጡ ከቢሮ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። በፈቃድ ላይ የተጻፈውን መጠን ደምረው «ጥቅም ላይ የዋለ» ይበሉት። ከወንዙ ዳር ቱቦውን ወደ ሽንኩርት ማሳ የዘረጋው የናፍጣ ሞተር ፈቃድ ከሌለው ውሃም አልሳበም። ከሸንኮራ ማሳ ተርፎ ወደ ወንዙ የሚመለሰውን ግን ሁለቴ ይቁጠሩት፦ ላይ እንደ ወንዝ ውሃ፣ ታች እንደ አዲስ ምንጭ። መተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅ ለምን እየሰፋ እንደመጣ የሚጠይቅ፣ በተለይም የመስኖ ውሃ ሰርጎ ይሆን ወይ የሚል ካለ፣ «ተፈጥሮ» የሚል ዓምድ ይክፈቱለት።

ገቢና ወጪው አይገጥምም። ልዩነቱን «ልዩ ልዩ ብክነት» ውስጥ ያስገቡት፤ በጣም ከበዛ የተዉትን ትነት መልሰው ይጥሩት፣ የጎደለውን ያህል ይተናል። ዱብቲ ላይ ቦዬ ደረቀ የሚል ገበሬ ከመጣም ሠንጠረዡን ያሳዩት። ውሃው ባለፈው ወር ደርሶታል።