ዘበኛው ያላነበበው ክልከላ

እነዋሪ ላይ ሆኖ ድረ ገጹን ከሳሎኑ ኮምፒውተር የሚያስተናግድ ሰው የጅሩ ሰንጋ ዋጋ የሰፈረበትን ፎልደር በይለፍ ቃል ቢቆልፍ ማንም አይፈርድበትም። ጣጣው ግን ቆለፍኩ ማለትና መቆለፍ መለያየታቸው ነው። ድረ ገጹን ለእንግዳ የሚያቀርበው አፓቼ የተባለው ሶፍትዌር ከ2.4 ስሪት ወዲህ፣ በዋናው ማዋቀሪያ ‘አላውኦቨርራይድ’ ካልተፈቀደለት በቀር፣ ክልከላው የሚጻፍበትን ኤችቲአክሰስ የተባለውን ፋይል ዞር ብሎም አያየውም። ክልከላው በክብር ተጽፎ ይቀመጣል፤ እንግዳው ሰተት ብሎ ይገባል። ባለቤቱም ሳይጠየቅ ሲገባ «ብራውዘሩ ስለሚያውቀኝ ነው» ብሎ ይኮራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ፋይሉ ውስጥ ትርጉም የሌለው ቃል መጻፍ። አፓቼ «ስህተት 500» ብሎ ከጮኸ እሰየው፣ ያነባል ማለት ነው። ዝም ካለ ግን ዘበኛው ደብዳቤውን አልከፈተውም። (ስህተት ሲመጣ ደስ የሚለው እዚህ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

«እነዋሪ ድረስ ማን ለስርቆት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዚማፕ የተባለ የኢንተርኔት መቃኛ የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻዎች ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያዳርስ ነበር፤ ሲያንኳኳ አገር አይጠይቅም። «የይለፍ ቃሌ ረጅም ነው» የሚለውም አያዋጣም፤ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ከሌለ ቤዚክ የተባለው ማረጋገጫ ቃሉን የሚልከው በቤዝ64 ነው፤ ያ ደግሞ አጻጻፍ እንጂ ምስጢር አይደለም። መንገድ ላይ ለጠበቀው ሁሉ፣ ርዝመቱ ሳይጓደል፣ ይደርሰዋል።