አስታራቂ ያጣ ሳቅ

ሽማግሌ ጠፍቶ ነው እንጂ እንግሊዞች እንዲህ አይስቁም ነበር። ዕድሜዬን በሽምግልና የፈጀሁ ሰው ነኝና እነሱ የሚስቁበት ነገር ለእኔ ያልተዳኘ ጠብ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ጉልበቴ ለንደን ቤት ካዋለኝ ወዲህ ልጆቹ የድሮ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከፍተውልኝ ይወጣሉ፤ እኔም የሰው ትዳር ሲናጥ እያየሁ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

እስቲ «ፎልቲ ታወርስ»ን ተመልከቱ። ቤዚልና ሲቢል ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሆቴል ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው በፈረስ ውርርድ ያገኘውን ብር ከሚስቱ ይደብቃል፣ እንግዳ ያመናጭቃል፣ ከባርሴሎና የመጣውን ምስኪን አስተናጋጅ በኩርኩም ይለዋል። አንድ ቀንማ መኪናው አልነሣ ቢለው ቅርንጫፍ አምጥቶ ገረፈው። መኪና! በፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 እና በ1979 የታየው በጠቅላላው 12 ክፍል ነው፤ በ12ቱ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ቁጭ በሉ እስቲ» የሚል አልተገኘም። ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ሁለት አሮጊቶችና አንድ ጡረተኛ ሻለቃ እዚያው ሆቴል ይኖራሉ። ሦስት ሰው፣ ሸንጎ ይሞላል እኮ! ሻለቃው ግን ጋዜጣ መጣ ወይ ይላል።

የባሰው ደግሞ ከጀርባ ነው። ደራሲዎቹ ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ራሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። በ1978 ተፋቱ፤ በዓመቱ የሁለቱን ስም የያዘው ሁለተኛው ስድስት ክፍል ታየ። ተፋትቶ ተስማምቶ መጻፍ ከተቻለ መታረቅ ምን ያቅታል? አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃን ነበር።

ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት፣ «አባባ፣ ቢታረቁ እኮ ፊልሙ አለቀ» አለችኝ። እንደዚህ ነው እዚህ አገር የሚያሳድጉልን።

አንጀቴን የበሉት ግን የ«ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» ቆራሌዎች ናቸው፣ አባትና ልጅ። ልጁ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ሰው መሆን ይፈልጋል፤ አባትየው ያመመው መስሎ ያስቀረዋል። ከ1962 እስከ 1974 ይኸው ነው ነገሩ። የነፍስ አባት ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በአንዱ ክፍል ቤቱን መሐል ለመሐል በግድግዳ ከፈሉት! እኛ አገር ወንድማማች መሬት ይካፈላል፤ አባትና ልጅ ሳሎን ሲካፈሉ ያየሁት እዚህ ነው። እንግሊዝ ጓዳውን ለሦስተኛ ሰው ከሚከፍት ግንበኛ ይቀጥራል።

«ዳድስ አርሚ»ስ? ካፒቴን ማነሪንግ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሳጅን ዊልሰን በባንኩም በጦሩም የበታቹ። ችግሩ አለቅየው በጥረቱ የወጣ፣ የበታቹ ደግሞ የጨዋ ልጅ መሆኑ ነው። ሂትለር ከባሕሩ ማዶ ቆሞ እያለ ማነሪንግን የሚያቃጥለው የዊልሰን ትምህርት ቤት ነው። ከ1968 እስከ 1977፣ 80 ክፍል ሙሉ፣ ነገሩ በአሽሙር ብልጭ ይላል እንጂ የሚዳኘው የለም። ቄስም ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጉዳይ ከጦሩ ጋር ይጣላሉ! ቄሱ ከተጣሉ ማን ቀረ?

«ፊልም ነው» እንዳትሉኝ። የግራና የቀኝ ጎረቤቶቻችን በአጥር ተጣልተዋል። ፊት ለፊት ሲገናኙ ስለ ዝናቡ ይጫወታሉ፤ ሲመሽ በበር ሥር ደብዳቤ ይሰድዳሉ። እኔም ሁለት እኩዮቼን አስከትዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። አንደኛው ቤት ሻይ ቀረበልን፤ ሁለተኛው ቤት ሻይና ብስኩት። ሁለቱም «ኧረ ምንም ጠብ የለም፣ ደግ ሰዎች ናችሁ» ብለው እስከ በር ሸኙን። በሳምንቱ አጥሩ ላይ ሌላ አጥር ተጨመረበት።

የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። ሳቅ በሳቅ ሆና «ለቢቢሲ እንላከው» ትለኛለች። ላኪው! እኔ ብስኩቱን እንኳ አልቀመስኩም፤ ቅቤ አለበት፣ ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ነበር።