ማንንም የማያምኑ ሰዎች

ሊኑክስ የሚጠቀም ወዳጅ ካለዎት ማንንም እንደማያምን ያውቃሉ። ዊንዶውስ ይሰልለዋል፣ ጉግል ይከታተለዋል፣ የላፕቶፑን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኖ ነው የሚኖረው። እግዜር ይስጠው፣ እኛንም ሳይሰለች ይመክረናል። እንግዲህ ይህ ጠንቃቃ ሰው የኢ-መጽሐፍ ማደራጃውን ካሊበርን ሲጭን ማየት ነው!

ከድረ ገጹ አንድ መስመር ኮፒ አድርጎ ተርሚናል ላይ ይለጥፋል። ዊጌት የመጫኛውን ስክሪፕት ከኢንተርኔት ይጎትታል፤ መሃል ላይ የቆመችው ቀጥ ያለች ሰረዝ ተቀብላ ለሱዶ ታቀብላለች፤ ሱዶ በሩት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ሙሉ ጌታ ሥልጣን ያስኬደዋል። ስክሪፕቱ ፋይል ሆኖ ዲስክ ላይ እንኳ አያርፍም፤ ልየው ቢሉ የሚታይ የለም። ንባብ ለሚወድ ሰው ይህ አያስመሰግንም? በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ የኛ ሰው ግን ሳይጠየቅ አንጥፎ ይጠብቃል። ካሊበር እስካሁን ጅብ ሆኖ አልተገኘም፣ ይህን መካድ ነውር ነው። ብቻ እ.ኤ.አ. በ2011 የማንበቢያ መሣሪያዎችን ለማገናኘት በሩት ሥልጣን የሚሠራ አንድ አጋዥ ፕሮግራም ነበረው፤ በእሱ በኩል የኮምፒውተሩ ተራ ተጠቃሚ ሁሉ ሩት መሆን እንደሚችል ተጋለጠ። ለመጽሐፍ መደርደሪያ ትንሽ የበዛ ሥልጣን ነው።

"ለምን የምትጠቀምበት ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ፣ የሚያቀርበውን ፓኬጅ አትጭንም?" ብለው እንዳይጠይቁት፣ ይስቅብዎታል። በዚህስ አይፈረድበትም። ከኡቡንቱ 20.04 ጋር የመጣው ካሊበር ቁጥሩ 4.99.4 ይልና እዚያው ስሙ ላይ "የምር ግን 4.12.0" የሚል ቅጥያ ነበረው። የካሊበር ድረ ገጽም የነኡቡንቱን ፓኬጅ ተዉት፣ ብዙ ጊዜ ያረጀና ስህተት የበዛበት ነው ይላል።

ስለዚህ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር፣ እሱም አንዳንዴ በየሳምንቱ ነው፣ ያው መስመር እንደገና ይለጠፋል። ካሊበር ሊኑክስ ላይ ራሱን በራሱ አያድስማ። ወዳጃችንም አንዲት የሜኑ ማስተካከያ እንዳታመልጠው ብሎ ፓስወርዱን ይጽፋል። ፕላስተሩ ግን ካሜራው ላይ እንደተለጠፈ ነው።

እዚያው የካሊበር ገጽ ላይ ወረድ ብሎ ሱዶ የማይጠይቅ፣ ካሊበርን በራስ ፎልደር ውስጥ ብቻ የሚጭን ሌላ መስመር አለ። የሚጭኑ ከሆነ እሱን ይውሰዱ።